የሌሉ ሰዎች መድኃኒት

መስከረም 9 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ረቡዕ

ይህ የሥልጠና ደብተር ነው። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ለያንዳንዳችን አንድ ደብተርና አንድ እስክሪፕቶ ሰጡን። እስክሪፕቶው በሁለተኛው ቀን ነጠፈ። ከሥልጠናው የጻፍኩት አንድ ገጽ አልሞላም፤ እሱንም ቀድጄ ጣልኩትና የቀረውን ለራሴ አደረግሁት። ሐኪሙ ደም ግፊትሽ የሚወጣው ነገር በሆድሽ ስለምትይዢ ነው ብሎኛል። እስኪ እንጻፍ።

ሥልጠናው ስለ አዲሱ ሲስተም ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። ያሠለጠነችን ልደት የምትባል ልጅ ናት፣ ከአዲስ አበባ የመጣች፤ ከሠሩት ሰዎች አንዷ ናት አሉ። "ካሁን በኋላ የትኛው ጤና ጣቢያ ስንት መድኃኒት ይላክለት ብላችሁ አትጨነቁም። የአምስት ዓመት መዝገባችሁን አንብቦ፣ የዝናቡንም ሁኔታ አይቶ፣ ራሱ ይተነብያል" አለች። ወንዴ ሾፌራችን ከኋላዬ ተቀምጦ "አዋቂ ቤት ነው ያመጡን በይኛ" አለኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ የሲስተሙ ስም አዋቂው ሆኖ ቀረ።

ከሚሴ ላይ የዚህን የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ከያዝኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአካባቢው ጤና ጣቢያም ጤና ኬላም መድኃኒት የሚያወጣው ከኔ እጅ ነው። ልደት በመጨረሻው ቀን በሰው ፊት አስነሣችኝና "የእትዬ ዓዲላ መዝገብ አንድ የጎደለ ገጽ የለውም። ሲስተሙ ከማንም በላይ የተማረው ከሳቸው ነው" አለች። ሰው አጨበጨበ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ማንንም ሳልሰናበት ቀድሜ ወጣሁ። ምሳ ስላልበላሁ ይሆናል።

መስከረም 24፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ባርኮድ ስንለጥፍ ዋልን። ካርቶኑ ሁሉ። ወገቤ ተቆረጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርቶኑ ከመደርደሪያ ሲወርድ በእጅ በሚያዘው ማሽን ይነበባል፤ ወዴት እንደሚሄድ አዋቂው አስቀድሞ ወስኗል። ወደ ሌላ ቦታ ልስደድህ ካልሽው ቀይ ያበራል፤ በሩም ላይ ስለማይቆጠር አይወጣም። ድሮ የዕቃ ማውጫውን ሞዴል ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ወንዴን "ይህን እዚህ፣ ያንን እዚያ" እለው ነበር። አሁን የኔ ቃል ዋጋ የለውም።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ትንበያ ወጣ። ለወባ መድኃኒት፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ፦ ለከተማው ጤና ጣቢያ የስምንት መቶ ሰው፤ ለታችኛው ኬላ የአርባ ሰው።

ታችኛው ኬላ የምንለው ከጨፋ ሮቢት ወረድ ብሎ ሜዳው ዳር ያለውን ጤና ኬላ ነው። የእህቴ የረቢአ ልጅ ፋይዛ ናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፤ ብቻዋን ነው ያለችው።

ሲስተሙ እስኪለመድ እዚሁ ቢሮ የተሰጣት ልደት ዘንድ ሄጄ "አርባ ያንሳል" አልኳት።

"በምን ምክንያት፣ እትዬ?"

"ያንሳል። አውቀዋለሁ።"

ኮምፒውተሯን ወደኔ አዞረችው። "ይኸው አምስቱም ዓመት። ይህ ኬላ በዚህ ወቅት ከአርባ አምስት ሰው አልፎ አያውቅም። ሌላ የማላውቀው ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ አስገባዋለሁ። እኔ እኮ አገሩን አላውቀውም።"

ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። አቶ ኪዳኔ ኃላፊያችን በበሩ ብቅ አሉና ስለ ሪፖርት ያወሩ ጀመር። እኔም ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። እውነትም ሥራ ነበረብኝ።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

ወንዴ ከጨፋ ሲመለስ "ዘንድሮ ቀድመው መጡ። ቦርከና ወንዝ ዳር ከብትና ግመል ነው የሚታየው" አለኝ። ስለ አፋሮቹ ነው። ሌላ ዓመት የሚመጡት ኅዳር ሲገባ ነበር። ቆላው ዝናቡ ቶሎ አቁሞባቸው ይሆናል።

እዚህ ላይ እስኪ በቅጡ ልጻፈው፤ በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አፋር ከብቱን ይዞ ሣር ፍለጋ ጨፋ ይመጣል፣ ክረምት እስኪቃረብ ይሰነብታል፣ ከዚያ ይመለሳል። ድሮም እንዲሁ ነው። ሜዳው ረግረግ ነው፣ ወባው አይጣል ነው። ልጁን ትኩሳት ሲይዘው ታችኛው ኬላ ይዞት ይመጣል። ፎርሙ ደግሞ ቀበሌ ይላል፣ የቤት ቁጥር ይላል። የቤት ቁጥር ከየት ያምጣ? በ1998 አንድ ተቆጣጣሪ መጣና "ይህ ኬላ ሦስት ሺህ ሰው የማይሞላ ቀበሌ ይዞ ይህን ሁሉ የወባ መድኃኒት የት አደረሰው" ብሎ ቆረጠው። ተማጸንኩት። "በመዝገብ ለሌለ ሰው መድኃኒት አይወጣም" አለኝ። በዚያ ዓመት ስንት ሕፃን እንደተቀበረ እኔ አውቃለሁ።

በዓመቱ ዘዴ አገኘሁ። የከተማው ጤና ጣቢያ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ቁጥሩ ቢያብጥ ማንም ልብ አይልም። የአፋሮቹን መድኃኒት በከተማው ስም ወጪ አደርጋለሁ፤ በወንዴ መኪና ግን ታች እሰዳለሁ። መኪና ካልተገኘ የኬላው ሠራተኛ ከተማው ፋርማሲ መጥታ በኔ ቃል ትወስዳለች። ኬላው መዝገብ ላይ የሚጻፈው የአገሬው ሰው ብቻ ነው። ፋይዛ ሥራ ስትጀምር ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "ያልሆነ ነገር አይደለም ወይ አክስቴ?" አለችኝ። "ለበጎ ነው፣ ዝም ብለሽ ሥሪ" አልኳት።

አንዲት ፍሬ አልጠፋችም፣ ወላሂ። ሁሉም ለታመመ ሰው ነው የደረሰው። መዝገቤም አንድ የጎደለ ገጽ የለውም።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

ፋይዛ ደወለች። "አክስቴ አካም ጂርታ፣ ደህና ነሽ? አርባው አለቀ።"

"ትንሽ ጠብቂ።"

"በረንዳው ሞልቷል እኮ። ትላንት ሃያ ሰው በባዶ እጁ መለስኩ።"

"ጠብቂ አልኩሽ።" ጮህኩባት።

ከሰዓት ማንም ሳያየኝ ከከተማው ድርሻ ሁለት ካርቶን አውርጄ በታችኛው ኬላ ስም ላስነብበው ሞከርኩ። ቀይ። ደገምኩት። ቀይ። አቶ ኪዳኔ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። "ወይዘሮ ዓዲላ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?" አሉኝ። "ቦታ ስቼ ነው" አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦታ ስቼ የማላውቅ ሰው።

ለልደት ብነግራትስ? ብነግራት መዝገቡን ልታነሣው ነው። የአምስት ዓመት ሐሰት ስትል ሰው ይሰማል። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። እስኪ እስከ ሰኞ ላስብበት።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ፋይዛ ዛሬ በባጃጅ መጥታ ከከተማው ፋርማሲ የመቶ ሃያ ሰው ወስዳለች። ያለ ወረቀት። እንደ ወትሮው። "አክስቴ፣ ከመሞት መሰንበት ብዬ ወሰድኩ" አለችኝ በስልክ። አላህ ያግዝሽ አልኳት።

ባርኮዱን ረስታዋለች። ወይም እኔ አልነገርኳትም።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

አዋቂው ቀይ አበራ። በከተማው ጤና ጣቢያ የመቶ ሃያ ሰው መድኃኒት በበሽተኛ አልተመዘገበም፤ ከመደርደሪያውም የለም። ልደት "ያልተለመደ ሁኔታ ነው፣ መጣራት አለበት" አለች። አቶ ኪዳኔ "ምን ያልተለመደ ትያለሽ፣ ሌብነት በይው እንጂ" አሉ።

ፋይዛ ፋርማሲው በር ላይ ታይታለች ተብሎ ታች ዘመቱ። በታችኛው ኬላ ቁም ሣጥን ወረቀት የሌለው የሠላሳ ስምንት ሰው መድኃኒት ተገኘ። ፋይዛን ከሥራ አገዷት፣ ኬላውን አሸጉት። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ "መድኃኒቱ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ነው የሚወርደው፣ ሰንሰለት አላቸው" ሲል ሰማሁ። ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የከተማው ፋርማሲ ሰው "እኔ አልሰጠኋትም" ብሏል። እሱም ልጆች አሉት። ፋይዛ ደግሞ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፦ "መጋዘኑን ጠይቁ።" አቶ ኪዳኔ መለሱላት፦ "ጠየቅን። መጋዘኑ በወረቀት ያወጣልሽ የአርባ ሰው ነው።"

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ኪዳኔ፣ የሰው ኃይል ባለሙያው፣ እና እኔ። መጋዘን ኃላፊ ስለሆንኩ ነው። ዘመዴ ናት፣ ይቅርብኝ ብል አቶ ኪዳኔ "እርስዎን የማያምን ሰው የለም" አሉኝ።

ፋይዛን ፊት ለፊታችን አስቀመጧት።

"መድኃኒቱን ለማን ሰጠሽ?"

"ለአፋሮቹ።"

"ስማቸው ይታወቃል? ቀበሌያቸው? የፈረሙበት አለ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ እስክሪፕቶዬን ስከፍትና ስዘጋ ነበር። አሁን ትናገራለች፣ አክስቴ ናት ያስተማረችኝ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም። እኔ እንድናገር ጠበቀችኝ እንጂ።

ጥፋተኛ ናት በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረምኩ። ለፖሊስ ይመራ የሚለውን ግን ለአሥራ አምስት ቀን አዘግይቼዋለሁ። እሱን አድርጌያለሁ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ረቢአ መጣች። እህቴ እንባ አይቀድማትም፣ ዛሬም አላለቀሰችም። የገብስ ቆሎ ይዛልኝ መጣች። "አንቺ እዚያ ውስጥ ስላለሽ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። አክስቷ እያለች ምን ይነካታል ብያለሁ ለሰው ሁሉ" አለችኝ።

ኢንሻአላህ አልኳት። ሌላ ምን ልበል። ስትሄድ ቆሎውን ሳልቀምሰው ለጎረቤት ሰጠሁት። አስቀያሚ ሰው ሆኛለሁ፣ እኔው እያየሁት።

ሰኞ እናገራለሁ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

አቶ ኪዳኔ ደሴ ሄደዋል።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ተመልሰዋል። ስብሰባ ላይ ናቸው። ልደት ሁለት ጊዜ አለፈችኝና "ደህና አይመስሉም፣ ይረፉ" አለችኝ። ደም ግፊት ነው አልኳት።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ወንዴ ከታች ሲመለስ መንገድ ላይ ቃሬዛ አጋጥሞታል። አፋሮች ናቸው፣ አንዲት ሴት ተሸክመው ወደ ከሚሴ ሊያመጡ። መኪናውን አዙሮ ሊያሳፍራት ቢወርድ አልቃለች። ነፍሰ ጡር ነበረች አለ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በወባ ነው ያለ የለም። ነፍሰ ጡር ሴት ስንት ነገር ይገጥማታል። ምጥ ሊሆን ይችላል፣ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ወንዴን "ሐኪም አይቷታል?" ስለው "ማን ይያት፣ ኬላው ታሽጎ" አለኝ። ከዚያም ሲጋራውን አውጥቶ ሳይለኩሰው መልሶ ከተተው። ወንዴ አሥራ ሁለት ዓመት ያንን መድኃኒት ታች ያመላለሰ ሰው ነው። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

በወባ ነው። አውቃለሁ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ጠዋት ልደት ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ይቀመጡ ብትለኝም አልተቀመጥኩም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ተቆጣጣሪውን፣ ከተማው ስም ላይ የደበቅኩትን፣ ፋይዛን ያስተማርኩትን፣ ኮሚቴ ላይ ዝም ማለቴን። ስናገር ድምፄ እንደሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ከምንም በላይ ደክሞኝ ነበር።

"አምስቱንም ዓመት?" አለችኝ።

"አሥራ ሁለት ነው። አንቺ ያነበብሽው አምስቱን ነው።"

ኮምፒውተሯን ዘጋችው። "እትዬ፣ ጥቅምት ላይ ጠይቄዎት ነበር እኮ። የማላውቀው ካለ ይንገሩኝ ብዬ። ያኔ ቢነግሩኝ በአንድ ከሰዓት አስተካክለው ነበር።"

በአንድ ከሰዓት። ቀኑን ሙሉ ይህችን ቃል ሳመላልሳት ዋልኩ። እኔ አዋቂው አይሰማም፣ የሰው ችግር አይገባውም እያልኩ ስረግመው ነበር። የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ነው። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አፋር የሚባል ሰው በጨፋ የለም ብዬ ስነግረው ኖሬያለሁ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

አብረን አቶ ኪዳኔ ዘንድ ገባን። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። "ለምን እኔን አላማከሩኝም?" አሉኝ። "ቢቆርጡትስ ብዬ" አልኳቸው። "ልቆርጠው እችል ነበር" አሉ፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። ከዚያ ወረቀት አወጡና በራሴ እጅ እንድጽፈው አደረጉኝ። የፋይዛ እግድ ዛሬውኑ ይነሣል፣ ኬላውም ይከፈታል። እኔ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ የሚመጣውን ቅጣት እጠብቃለሁ። የከተማው ፋርማሲ ሰው ተጠርቶ "አዎ፣ ሰጥቻታለሁ" አለ፤ ሲያምን ፊቱ የቀለለው መሰለኝ።

ልደት ምሳ ሳትበላ ሠራች። በዝርዝሩ ላይ አዲስ መስመር ከፈተችና "በየወቅቱ የሚመጡ አርብቶ አደሮች" ብላ ጻፈች። "ስንት ናቸው?" አለችኝ። አላውቅም። ቆጥረናቸው አናውቅም። የየዓመቱን መድኃኒት ከትዝታዬ እየቆነጠርኩ ነገርኳት፤ ከከተማው እየቀነሰች ታች ደመረችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋቂው አዲስ ትንበያ አወጣ። ለከተማው የሦስት መቶ ሠላሳ፣ ለታችኛው ኬላ የአምስት መቶ አሥር ሰው። አንድም ካርቶን ቀይ አላበራም። ወንዴ ጭኖ ወረደ።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ቆጠራና ርክክብ። ሦስተኛ ቀናችን። ልክ ነው፣ አንድ አልጎደለም። ለተረካቢው ይህን ስነግረው አንገቴን ደፍቼ ነው።

ፋይዛ ሥራዋ ላይ ናት። ስደውል አታነሣም። ረቢአ ግን ስትመጣ በር ላይ ቆማ "አልጣላሽም፣ እህቴ ነሽ። ግን ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ለሰው ሁሉ አክስቷ አለች ብዬ ነበር" አለችኝ። ግቢ ብላት አልገባችም።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለቅሶ ለመድረስ ወረድኩ። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ በባጃጅ እስከ ታችኛው ኬላ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። በረንዳው ላይ ሰዎች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ፋይዛ የአንዲት ልጅ ጣት ወግታ ደም እየወሰደች ነበር። የሟቿን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ወይ አልኳት። ሥራዋን ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ "ነይ" አለችኝና ቀድማኝ ሄደች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተረከዟን እያየሁ ተከተልኳት።

የሟቿ ባል ሙሀመድኑር ይባላል። ግራር ሥር ነው ያገኘነው። ባቲ ገበያ ያስተማረው ደህና አማርኛ ይችላል። ዱዓ አደረግን። ስኳሩን አመስግኖ ተቀበለ። የባለቤቱን ስም ጠየቅኩት።

"ሀዲጃ" አለ።

ሌላ ሰው ከሚነግረው ብዬ ነገርኩት። "መድኃኒቱ ከሚሴ ነበር፣ የናንተ ድርሻ። በስማችሁ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ኬላው የታሸገውም በዚያ ጦስ ነው። ይህችን ልጅ ሲከሷት እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ እውነቱን አውቃለሁ፣ ፈርቼ አልተናገርኩም።" ፋይዛ ወደ ከብቶቹ ዞራ ቆመች።

ስኳሩን ወደ ጎን አስቀምጦ "ስንት ቀን ነው ዝም ያልሽው?" አለኝ።

"እሷን ፊታችን ካቀረቧት አሥራ አንድ ቀን።"

በጣቱ ቆጠረ። ሊወቅሰኝ አይመስልም፣ ማወቅ ነው የፈለገው። "ሀዲጃ የታመመችው ስምንት ቀን ነው። ኬላው ሁለቴ ሄጄ ታሽጎ አገኘሁት። ሰው ይኖራል ብዬ ደጁ ላይ ተቀምጬም አይቻለሁ" አለ።

ይቅርታ ልለው አሰብኩና ተውኩት። ምን ይሠራለታል።

ተነሥቶ ወደ ጎጆው ገባ። የሄደ፣ የማይመለስ መስሎኝ ልነሣ ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ተመለሰ። የግመል ወተት በጮጮ ሞልቶ ይዞ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። እኔ አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ፋይዛ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ኮሚቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

"ጠጪ እንጂ" አለኝ ሙሀመድኑር፣ "ከሩቅ መጥተሽልናል።"

ተቀበልኩት። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።